ጳውሎስ፦ ከሮም የቤተ ሰብ ስም እስከ ጎብዬ የክርስትና ስም



ሕዝቡ «የሰኔ ጾም» የሚለው ጾመ ሐዋርያት የሚፈጸመው በሐምሌ 5 ቀን በቅዱሳን ሐዋርያት በጴጥሮስና በጳውሎስ በዓል ነው። በወልድያና በቆቦ መካከል በምትገኘው በጎብዬና በአካባቢዋ በዓሉ የሚውለው፣ የራያ ቆላ ገበሬ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው ለመምራት ዓይኑን ከደመናው በማይነቅልበት ወቅት ነው። በዚህ ሰሞን አርባ ቀን ሞልቶት ክርስትና የሚነሣ ወንድ ልጅ ወልደ ጳውሎስ ወይም ኃይለ ጳውሎስ ቢባል የሚደነቅ ሰው የለም። ለመሆኑ ይህ በጎብዬ እናት አንደበት እንደ ቤት ልጅ የሚጠራው ስም ከወዴት የመጣ ነው? ትርጉሙስ ምንድን ነው? በሰፊው ዓለም በአያሌ ሕዝቦች ዘንድ የቤተ ሰብ ስም ሆኖ ሳለ እኛ ዘንድ ለምን እንዲህ አልሆነም? በበዓሉ ምክንያት ይህን ጥቂት ልንመለከት ወደድን።

ጳውሎስ ዕብራይስጥ አይደለም፤ በመሠረቱ ግሪክኛም አይደለም። ቃሉ የላቲን ሲሆን «ፓውሉስ» ማለት ታናሽ፣ ትንሽ ማለት ነው። በጥንታዊት ሮም ባለ ሙሉ መብት የሆነ ዜጋ እንደ ልማዱ ሦስት ስም ነበረው፤ አንዱ የግል ስሙ፣ ሁለተኛው የወገኑ ስም፣ ሦስተኛው ደግሞ ቤቱ ከሌላው ቤት የሚለይበት ስም። ፓውሉስ ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ነበር። ምናልባት መጀመሪያ ቁመተ አጭር የነበረ አንድ ሰው የተጠራበት ቅጽል ሊሆን ይችላል፤ በኋላ ግን ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የታላላቅ ቤቶች መታወቂያ ሆነ። በ216 ዓመተ ዓለም ከክርስቶስ ልደት በፊት በካኔ ጦርነት ከሐኒባል ጋር ሲዋጋ የወደቀው የሮም ቆንሲል ኤሚልዮስ ጳውሎስ የዚህ ስም ባለቤት ነበር። ልጁም በዚያው ስም ተጠርቶ በ168 ዓመተ ዓለም የመቄዶንያን ንጉሥ ድል አድርጓል። እንግዲህ «ታናሽ» የሚለው ስም በሮም የታላላቆች ስም ነበር ማለት ነው።

ብዙዎቻችን ሐዋርያው በደማስቆ መንገድ ላይ በወደቀ ጊዜ ሳውል መባሉ ቀርቶ ጳውሎስ ተባለ ብለን እንናገራለን። የሐዋርያት ሥራን በጥሞና ያነበበ ግን ነገሩ እንዲህ እንዳልሆነ ያያል። የደማስቆው ታሪክ የተጻፈው በምዕራፍ 9 ነው፤ ከዚያ በኋላም መጽሐፉ ሳውል እያለ ይቀጥላል። ጳውሎስ የሚለው ስም የሚመጣው በምዕራፍ 13፣ ሐዋርያው በቆጵሮስ ደሴት በጳፉ ከተማ በአገረ ገዥው ፊት በቆመ ጊዜ ነው። የሚያስገርመው የአገረ ገዥውም ስም ሰርግዮስ ጳውሎስ መሆኑ ነው። በምዕራቡ ዓለም ከነበሩት መምህራን መካከል ሄሮኒሞስ ስሙን ከዚህ ሰው እንደ ወሰደው ጽፏል። የሂጶው ጳጳስ አውግስጢኖስ ደግሞ ከሐዋርያት ሁሉ እኔ አንሳለሁ ያለው ሐዋርያ ትሕትናውን ለመግለጽ የመረጠው ስም ነው ብሏል። የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች በአብዛኛው የሚስማሙበት ሌላ ነው፤ ሲወለድ ጀምሮ የሮም ዜጋ ስለ ነበረ በአይሁድ መካከል ሳውል፣ በሮማውያን መካከል ጳውሎስ እየተባለ ሁለቱንም ስሞች ይዞ ኖሯል ይላሉ። እኛም ይህኛው ለመጽሐፉ ቃል የቀረበ ይመስለናል፤ ይሁን እንጂ የአውግስጢኖስን ትርጓሜ ውበት አንክድም።

ዜግነቱ በሞቱም ታይቷል። ሁለቱ ሐዋርያት በሮም ከተማ በኔሮን ዘመን በሰማዕትነት ሲያልፉ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ቁልቁል ተሰቀለ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ግን በሰይፍ ተቀላ። የሮም ዜጋ እንዲሰቀል ልማዱም ሕጉም አይፈቅድም ነበርና። ጴጥሮስ በግሪክ ዐለት፣ ጳውሎስ በላቲን ታናሽ፤ መንታ ወንዶች ልጆች ሲወለዱ በእነዚህ ሁለት ስሞች የሚጠሩ ቤተ ሰቦች ይህን ቢያስታውሱት መልካም ነው።

ስሙ ወደ እኛ የደረሰው በቀጥታ ከላቲን ሳይሆን በግሪክ በኩል ነው። ቅዱሳት መጻሕፍት ወደ ግእዝ የተመለሱት ከግሪክ ስለ ነበረ «ፓውሉስ» ሳይሆን «ጳውሎስ» ሆኖ በግሪኩ መድረሻ ገባ። ፊደሉም ራሱ ምስክር ነው። «ጰ» በፊደል ገበታችን ውስጥ ያለ ሥራ የተቀመጠ የሚመስል፣ ነገር ግን እንደ ጴጥሮስ፣ ጳጳስ፣ ጰራቅሊጦስ ላሉ ከባሕር ማዶ ለመጡ ቃላት የተጠበቀ ፊደል ነው። ለገጠር ሰው አንደበት አንዳንዴ ስለሚከብደው ጳጉሜን ቋግሜ ሲያደርገው እንሰማለን፤ ጳውሎስን ግን ቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ ስለምታነበው ሳይለወጥ ኖሯል። ከእርሱ ጋር ሌሎችም የላቲን ስሞች በዚያው በግሪክ በር ገብተዋል፤ ማርቆስ፣ ቆርኔሌዎስ፣ መርቆሬዎስ፣ እንዲሁም በጎንደር ዘመን የነገሠው የዐፄ ዮስጦስ ስም። ዮስጦስ ጻድቅ ማለት ነው።

በሌላው ዓለም ጳውሎስ የሚለው ስም በአያሌ መልክ የቤተ ሰብ ስም ሆኖ ተሠራጭቷል። የሩሲያው የሳይንስ ሰው ፓቭሎቭ ስሙ የጳውሎስ ወገን ማለት ነው። ዐረቦች «ጰ» እና «ፐ» ስለሌላቸው ቡሎስ ይላሉ፤ በግብፅና በሊባኖስ ክርስቲያኖች ዘንድ ቡሎስ የቤተ ሰብ ስም ነው። በእኛ አገር ግን የጳውሎስ ልጅ ልጅ ጳውሎስ አይባልም። ልጁ የአባቱን ስም ያስከትላል፤ የልጅ ልጁ በሦስተኛ ደረጃ ይጠራዋል፤ ከዚያ ስሙ ከሰነድ ይወጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሆኖም ድንጋጌው የሕዝቡን ልማድ አላሸነፈም። በእኛ አስተያየት ማሸነፍም አልነበረበትም። በሮም ስሙ ይወረስ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ግን አንድ ሰው ጳውሎስ የሚሆነው ሌላ ሰው አስቦ ሲሰጠው ብቻ ነው።

የተሰጣቸውም ብዙዎች ናቸው። በ1928 ዓ.ም. በዓድዋ የተወለዱት ገብረ መድኅን ወልደ ዮሐንስ ጵጵስና ሲሾሙ አቡነ ጳውሎስ ተባሉ፤ አምስተኛው ፓትርያርክ ሆነው መንበሩ ላይ የተቀመጡትም በዚሁ በሐምሌ 5 ቀን በ1984 ዓ.ም. ነበር። እስካረፉበት እስከ ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ድረስ በዓለ ሢመታቸው ከስማቸው ሐዋርያ በዓል ጋር ይከበር ነበር። በዚህች በአገራችን ጋዜጣ ገጽ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዐምድ የሚታወሰውን ጳውሎስ ኞኞንም የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው።

ዛሬ ግን ነገሩ በሌላ በኩል ወደ ጎብዬ ቤቶች እየገባ ነው። ከራያ ቆላ ወደ ዐረብ አገርና ከዚያም አልፎ የሚሄደው ወጣት ብዙ ነው፤ በጉዞ ሰነዱ ላይ የአያቱ ስም በቤተ ሰብ ስም ቦታ ይገባል። በዚያ የሚወለድለት ልጅ በመዝገብ ላይ የቅድመ አያቱን ስም ይዞ ይቀራል፤ የወላጅ አባቱ ስም ይዘለላል። አያቱ ጳውሎስ ከሆነ የባዕድ አገር ጸሐፊ ሳያውቀው ስሙን ወደ ጥንቱ የሮም ሥርዓት መለሰው ማለት ነው። እናትና አባት፣ ልጅም በሦስት ልዩ ልዩ ስም በአንድ ጠረጴዛ ፊት ቆመው ዝምድናቸውን ማስረዳት ሲገደዱ የሚደርስባቸው መጉላላት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ አንድ የቤተ ሰብ ስም መርጠው የሚጸኑትን ልንነቅፍ አንደፍርም። የምንመክረው፣ የአባቱን ስም ለልጁ በቃል እንዲያስጠኑት፣ ክርስትና ሲነሣም የወጣለትን ስም ጽፈው እንዲያስቀምጡለት ነው። በጸሎትም ሆነ በፍትሐት ጊዜ ካህኑ በጎብዬም ይሁን በባሕር ማዶ የሚጠራው ይህንኑ ስም ነው፤ ወልደ ጳውሎስ ብሎ ያልፋል፤ የአባትም የአያትም ስም አይጨምርበትም።