ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው መጽሐፍ እንዴት ይጨርሳል?

ስለ ንባብ መጻፍ የሚገባው ብዙ ያነበበ ሰው መሆኑን አላጣሁትም። እኔ ግን እስከ ዘንድሮ ድረስ ከትምህርት መጽሐፍ በቀር ከዳር እስከ ዳር ያነበብሁት መጽሐፍ አልነበረኝም። የትምህርቱንም ቢሆን ጨረስሁ የምለው ፈተናው ስለ ደረሰብኝ ነው። ይህን ሳልደብቅ የምናገረው በየክፍሉ እንደ እኔ ያለ ሰው ብዙ መሆኑን ስለማውቅ ነው፤ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተውሶ፣ ሠላሳ ገጽ አንብቦ፣ በሁለተኛው ሳምንት ድምፁን አጥፍቶ የሚመልሰውን ማለቴ ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሦስት ጊዜ ጀምሬዋለሁ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን ከ500 ገጽ በላይ ነው። ያነበበው እንደሚያውቀው ታሪኩ የሚነሣው ከበዛብህ ሳይሆን ከወላጆቹ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። እኔም ከቦጋለ መብራቱ ጋር ሦስት ጊዜ ተዋውቄ ሦስት ጊዜ ተሰናብቼዋለሁ። ጓደኞቼ ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ ጉዱ ካሣ ሲከራከሩ እኔ የማውቅ መስዬ እስቅ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ ፋርጣ ገጠር ካሉት አያቴ ቤት ሳለሁ ይኸው መጽሐፍ ከቦርሳዬ ወጣ። አያቴ የዓይን ሞራ ይዟቸው ፊደል ከተለያቸው ቆይቷል። የመጽሐፉን ስም ስነግራቸው ቀና አሉ። ለካ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ይከታተሉት ኖሯል። «መጨረሻውን ግን አልሰማሁትም፤ የሬዲዮው ድንጋይ አለቀብኝ» አሉኝ። ቀጥለውም «አንተ ተማሪ አይደለህም እንዴ? እስቲ አንብብልኝ» አሉ። በዚያች ማታ አንዱን ገጽ ለመጨረስ ስድስት ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ። ሦስት ጊዜ አረሙኝ፤ ያውም ሳያዩ!

እንግዲህ ዘገምተኛነቴ ከምን እንደ መጣ መመርመር የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ስናነብ ዓይናችን በመስመሩ ላይ እንደ ወንዝ የሚፈስ ይመስለናል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ በፈረንሣዊው የዓይን ሐኪም በኤሚል ዣቫል ቤተ ሙከራ እንደ ታየው፣ ዓይን እንደ አንበጣ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ዘልሎ ባረፈበት ቦታ የአንድ ሰከንድ ሩብ ያህል ይቆማል፤ የሚያነበውም ሲቆም እንጂ ሲዘል አይደለም። አንዳንድ ጊዜም ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን ለማመን የሚቸገር ሰው ወረቀት መካከል ትንሽ ቀዳዳ ያብጅና ጓደኛው ከወረቀቱ ወዲያ የተጻፈውን ሲያነብ በቀዳዳው ዓይኑን ይመልከት። እኔ ሞክሬዋለሁ። የጎበዙም ዓይን ይዘላል፣ ይመለሳልም፤ የእኔ ግን ብዙ ቦታ ይቆማል፣ በቆመበትም ይዘገያል፣ ደጋግሞም ይመለሳል።

ለመመለሱ የቋንቋችንም ጠባይ አለበት። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አይጽፍም። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «ገና ነው» የምንለው? «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋው ነው ወይስ ጠባብ ያልሆነው? «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? ቀጥሎ ያለውን ቃል ሳያዩ መቍረጥ አይቻልም። ፈጣን አንባቢ በዚህ ብዙም አይሳሳትም፤ ዘገምተኛው ግን አላልቶ ጀምሮ፣ ተሳስቶ፣ ተመልሶ አጥብቆ ያነባል።

ከዚህ የሚብሰው የግሡ ነገር ነው። በአማርኛ ማን ምን አደረገ የሚለው የሚታወቀው ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው። የቀድሞ ደራስያን ደግሞ አንዱን ዓረፍተ ነገር እስከ ግማሽ ገጽ ያደርሱታል። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጆርጅ ሚለር በ1956 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፈው፣ ሰው ለጊዜው በአእምሮው ሊይዝ የሚችለው ሰባት ያህል ነገር ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት እንዲያውም ከዚያ ያነሰ ነው ይላሉ። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ግሡ ጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ነገር ከእጁ ያመልጠዋል። ባዶ እጁን የቀረ አእምሮ ደግሞ ሥራ ይፈልጋልና ወደ ሌላ አሳብ ይሄዳል፤ ዓይኔ መስመሩን ሲከተል ልቤ ግን ቤት ኪራይ ላይ፣ ስልኬ ላይ፣ የትናንቱ ኳስ ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. በክልላችን በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ጊዜ ሞልቶኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ጆሮዬ ከውጭ የሚሰማውን ድምፅ እያዳመጠ አንድ ገጽ እንኳ አልገፋሁም። ስለዚህ የጎደለኝ ጊዜ ብቻ እንዳልሆነ ከዚያ ተረዳሁ።

«እንግዲያው ፍጥነት ተማር» የሚለኝ አይጠፋም። በ1959 እ.ኤ.አ. ኤቨሊን ውድ የተባለች አሜሪካዊት መምህርት በዋሽንግተን የፈጣን ንባብ ትምህርት ቤት ከፍታ ብዙ ተማሪ አግኝታ ነበር። ይሁን እንጂ በ2016 እ.ኤ.አ. ኪት ሬይነርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ ማስተዋሉ ይቀንሳል። ስለ ልኩ ከተነሣ፣ የቤልጅጉ ማርክ ብሪስቤርት በ2019 እ.ኤ.አ. 190 ጥናቶችን አሰባስቦ ባሰላው መሠረት አንድ አዋቂ ሰው ልብ ወለድ ያልሆነ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በልቡ ሲያነብ በደቂቃ 238 ቃል ያህል ነው። እኔ አማርኛ ሳነብ 70 ያህል ቃል ቈጠርሁና ደነገጥሁ። በኋላ ግን «አልነገረችኝም» የምትለው አንዲት ቃላችን በእንግሊዝኛ አምስት ቃል እንደምትሆን አስተዋልሁና ትንሽ ተጽናናሁ። ቃል በቃል ማወዳደር አይገባም ማለት ነው። (ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለምንማረው ትምህርትስ? እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ቀጥዬ ሒሳብ ሠራሁ። በልቤ ሳነብ አንዱ ገጽ 4 ደቂቃ ይወስድብኛል። 500 ገጽ በዚህ ሲሰላ 2,000 ደቂቃ፣ ማለትም 33 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት ቢነበብ በ67 ቀን ያልቃል። መስከረም 1 ቀን የጀመረ ዘገምተኛ ኅዳር 7 ቀን ይጨርሳል ማለት ነው! እኔ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጀምሬ አልጨረስሁም። ስለዚህ ያሸነፈኝ ዝግታው አልነበረም። ያሸነፈኝ አንድ ሳምንት አንብቤ ሦስት ሳምንት መተዌ፣ ስመለስም ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ ጠፍቶኝ እንደ ገና ከቦጋለ መብራቱ መነሣቴ ነው።

ይህን ለአያቴ ስነግራቸው አልገረማቸውም። እርሳቸው በልጅነታቸው ንባብ የተማሩት ከደብር ነው፤ በስንደዶ እየጠቆሙ፣ ድምፅ እያሰሙ፣ ተነሹን ከወዳቂው እየለዩ። በዚያ ትምህርት ዳዊት እንኳ በአንድ ትንፋሽ አይወጣም። አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ «ንጉሥ» ይባላል፤ 150ው መዝሙር 15 ንጉሥ ሆኖ በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ይደገማል። ፈጣኑም ዘገምተኛውም የቀኑ ድርሻ የታወቀ ነው። በዚሁ በደቡብ ጎንደር በቤተልሔም ድጓ፣ በዙር አባ ዝማሬና መዋሥዕት የሚማረው ተማሪም ዓመታት ይቀመጣል። በእርግጥ ዱላም ነበረበት ይላሉ፤ እሱስ ይቅርብኝ።

እኔም ድርሻ ቈረጥሁ። ግማሽ ሰዓቱን አልቻልሁም፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየማታው ሦስት ሦስት ገጽ አደረግሁት። የምኖረው ደብረ ታቦር በኪራይ ቤት ነው፤ መብራት ሲጠፋ በጧፍ አነባለሁ። ከምታነበው መስመር በታች ወረቀት ማስደገፍ በጣም ይረዳል፤ የአያቴ ስንደዶ መሆኑ ነው። ረዥም ዓረፍተ ነገር ሲገጥመኝ ድምፄን አሰማለሁ። ስልኬን አከራዬ ዘንድ አስቀምጣለሁ፤ እሳቸው መጀመሪያ የተጣላሁ መስሏቸው ነበር።

ቅዳሜ ስንቅ ላመጣ ገጠር እወርዳለሁ። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን የሳምንቱን 15 ገጽ ለአያቴ እየጮኽሁ አነባለሁ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ከማንበቤ በፊት ግን ያለፈውን ሳምንት የሚተርኩት እርሳቸው ናቸው። ከሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው። አንድ ሰው ያለፈውን በራሱ አፍ ሲናገር የላላው ክር ይጠብቃል፤ እርሳቸው ሲሳሳቱ እኔ አርማለሁ፤ አንዳንዴም ተሳስቼ የምገኘው እኔ ነኝ። ብቻዬን በምሆንበት ጊዜ በደብተሬ ጠርዝ ላይ ሁለት መስመር እጽፋለሁ፤ እንደ እርሳቸው ባይሆንም ይረዳል።

አንድ የደበቅኋቸው ነገር ቢኖር አስቀድሜ የማንበቤ ነገር ነው። ድንገት በሚያስደነግጠው ቦታ ላይ ድምፄ ሳይለወጥ ሲቀር «አንተ፣ ይህን ታውቀው ነበር!» ብለው ያዙኝ።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ 468ኛው ገጽ ላይ ነን። ለአያቴ የዓይን ሕክምና ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል፤ ለሰኔ ነው። ሞራው ከተገፈፈ በኋላ ቀሪውን ራሳቸው ሊያነቡት እንደሚችሉ ብነግራቸው ተቆጡ። «ዓይኔ በራ ብለህ ልትቀር ነው? ጀምረኸዋል፤ ጨርሰው» አሉኝ። በሚመጣው ቅዳሜ ከ469 እንቀጥላለን።