ኔትወርክ በሚጠፋበት ድንበር፦ በግል የሚሠሩ ሰዎች የደንበኛን ማስታወሻ የት ያኑሩ?

በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ከተማ በግሉ የሚሠራ አንድ አስተርጓሚ እናስብ። ጠዋት በአንድ ሰሊጥ ነጋዴና በመተማ ባለ ገዢ መካከል የሚደረግ የስልክ ድርድር ያስተረጉማል። ከሰዓት በኋላ ለአንድ የረድኤት ድርጅት መጠይቅ ይሞላል። ማታ ደግሞ ከካርቱም የተፈናቀለች ተማሪ የትምህርት ማስረጃን ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል።

ሦስት ደንበኞች፣ ሦስት ዓይነት ክፍያና ሦስት ዓይነት ምሥጢር በአንድ ስልክ ውስጥ ተቀምጠዋል። የነጋዴው ዋጋ በድምፅ መልእክት፣ የመጠይቁ ቀጠሮ በቴሌግራም፣ የተማሪዋ ማስረጃ ፎቶ ደግሞ ከቤተሰብ ፎቶዎች ጋር ተደባልቆ ይገኛል። ቀብድ የከፈለው ማን እንደሆነና ቀሪ ያለበት ማን እንደሆነ የሚያውቀው የአስተርጓሚው ጭንቅላት ብቻ ነው።

ይህን ሥርዓት እናስይዛለን የሚሉ መተግበሪያዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የተሠሩት ግን ኢንተርኔት የማይቋረጥበትን ቢሮ ታሳቢ አድርገው ነው። ለመሆኑ እንደ ገዳሪፍ ባለ ቦታ የሚሠራ ሰው ምርጫውን በምን ይመዝን?

ለምን ገዳሪፍ?

ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ናት። ለአረምና ለአጨዳ የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን የቀን ሠራተኞችና በመተማና በገላባት መካከል የሚመላለሱ ነጋዴዎች አካባቢውን ከኢትዮጵያ ጋር ለረጅም ዘመን አስተሳስረውታል።

በ2013 ዓ.ም. በትግራይ የተቀሰቀሰውን ጦርነት ሸሽተው ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገሩ። ብዙዎቹ በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባ የስደተኛ መጠለያዎች ሰፈሩ። ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ውጊያ ሲጀመር ደግሞ ከካርቱምና ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ገዳሪፍ ጎረፉ፤ ሌሎች በገላባት በኩል ወደ መተማ አለፉ።

እንዲህ ያለ ስፍራ ዐረብኛ፣ አማርኛ፣ ትግርኛና እንግሊዝኛ የሚያቀራርቡ፣ መረጃ የሚሰበስቡ፣ ማመልከቻ የሚጽፉ፣ ስልክና የፀሐይ ኃይል መሣሪያ የሚጠግኑ ሰዎችን ይፈልጋል። ብዙዎቹ ቋሚ ቀጣሪ የላቸውም። ሥራቸውን፣ ሰዓታቸውንና ገንዘባቸውን የሚመዘግብላቸውም ከራሳቸው በቀር የለም።

መጀመሪያ፦ ምን ይመዝገብ? ምንስ አይመዝገብ?

ከመተግበሪያው ስም በፊት መነሣት ያለበት ጥያቄ የሚመዘገበው ነገር ነው። በግል የሚሠራ ሰው ሁለት ዓይነት መረጃ ይይዛል።

አንደኛው የሥራው መዝገብ ነው፦ ደንበኛው ማን ነው? ሥራው ምን ነበር? መቼ ተጀመረ? ስንት ሰዓት ወሰደ? ስንት ተስማማን? ስንት ተከፈለ? ይህ ሊጠፋ አይገባም፤ የድካም ዋጋ የሚጠየቀው በእርሱ ነው።

ሁለተኛው የደንበኛው ጉዳይ ነው፦ ስደተኛው በቃለ መጠይቁ የተናገረው፣ ነጋዴው ያሰበው የመጨረሻ ዋጋ፣ የታካሚው ሕመም። ይህ የአስተርጓሚው ንብረት አይደለም። በአስተርጓሚዎች የሙያ ሥነ ምግባር በቃለ መጠይቅ ጊዜ የተጫረ ማስታወሻ ሥራው ሲያበቃ መወገዱ የተለመደ ነው።

ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ገጽ ማደባለቅ የመጀመሪያው ስሕተት ነው። የሥራው መዝገብ ለዓመታት ይቀመጥ። የደንበኛው ጉዳይ ግን ለሥራው የሚያስፈልገው ብቻ፣ በተለየ ቦታ፣ ለአጭር ጊዜ ይያዝ። ማንኛውም ሶፍትዌር ያልተጻፈን ምሥጢር አያባክንም።

ያለ ኔትወርክ ይከፈታል?

በአውሮፓውያኑ የካቲት 2024 በሱዳን የሱዳኒ፣ የኤምቲኤን እና የዜይን ኔትወርኮች ተከታትለው ተቋረጡ። ሰዎች ገንዘብ የሚላላኩበት የካርቱም ባንክ መተግበሪያ ‘ባንካክ’ ያለ ኢንተርኔት ስለማይሠራ፣ መቋረጡ ከዜና አልፎ የዕለት ጉርስን ነካ። ከድንበሩ ወዲህም ታሪኩ አይለይም፤ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር።

በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው መመዘኛ ቀላል ነው፦ መዝገቡ ዋና ቅጂውን የሚያኖረው ስልኩ ላይ ነው ወይስ ሩቅ አገር ባለ ሰርቨር ላይ?

‘ኦብሲዲያን’ እና ‘ጆፕሊን’ የተባሉት የማስታወሻ መተግበሪያዎች ጽሑፉን ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ያለ ኢንተርኔትም ይጻፍባቸዋል፣ ይፈለግባቸዋል። ‘ኖሽን’ በአንጻሩ ማስታወሻን፣ ሠንጠረዥንና የሥራ ዝርዝርን በአንድ ላይ በማቅረቡ በብዙዎች ቢወደድም፣ የተሟላ ያለ ኢንተርኔት የመሥራት አገልግሎት ያስተዋወቀው ዘግይቶ በአውሮፓውያኑ 2025 ነው። ‘ጉግል ሺትስ’ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ነገር ግን ፋይሉ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ቀድሞ፣ ኔትወርክ ሳለ መታዘዝ አለበት። ኔትወርኩ ከጠፋ በኋላ ትእዛዙን መስጠት አይቻልም።

መረጃ ሰብሳቢዎች ይህን ልማድ ቀድመው ያውቁታል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ ጉዳዮች ማዕከል የተጀመረውና ረድኤት ድርጅቶች በስፋት የሚጠቀሙበት ‘ኮቦቱልቦክስ’ መጠይቁን በስልክ ላይ ሞልቶ፣ ኔትወርክ ሲገኝ እንዲልክ ተደርጎ የተሠራ ነው። ለግል መዝገብም የሚያስፈልገው ይኸው ጠባይ ነው።

መረጃውን ይዞ መውጣት ይቻላል?

ነጻ የሆነ መተግበሪያ ሁልጊዜ ነጻ ሆኖ አይቀጥልም። ለረጅም ዓመታት ከታወቁት የማስታወሻ መተግበሪያዎች አንዱ የሆነው ‘ኤቨርኖት’ በአውሮፓውያኑ ታኅሣሥ 2023 የማይከፍሉ ደንበኞቹን በ50 ማስታወሻዎችና በአንድ ደብተር ወሰናቸው። ቀድሞ የተጻፈው ባይጠፋም፣ ገደቡን ያለፈ ሰው አዲስ ማስታወሻ ለመጨመር መክፈል ወይም ወደ ሌላ መዛወር ነበረበት።

በዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ መክፈል አስቸጋሪ በሆነበት አካባቢ “መክፈል” የሚለው አማራጭ ለብዙዎች የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን በፊት መታየት ያለበት መውጫው በር ነው። መተግበሪያው መዝገቡን በሙሉ ሌላ ፕሮግራም ሊከፍተው በሚችል ፋይል ያወጣልን? ሠንጠረዥ ከሆነ ‘ሲኤስቪ’ በተባለው ተራ የሠንጠረዥ ፋይል፣ ማስታወሻ ከሆነ በተራ ጽሑፍ መውጣት ከቻለ በኤክሴልም፣ በነጻው ‘ሊብሬኦፊስ’ም ይከፈታል።

እንዲህ ያለው ፋይል በፍላሽ ተይዞ ድንበር ይሻገራል። ቤቱን ጥሎ ለወጣ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ያልተከፈለው ሥራ ብቸኛ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ስልኩ ከእጅ ሲወጣስ?

በሱዳን ጦርነት ውስጥ በኬላዎች ላይ ስልክ መፈተሹ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ዝርፊያም አለ። አስተርጓሚው ስልኩን ሲያጣ የሚያጣው የራሱን ንብረት ነው፤ በስልኩ ውስጥ ስሙና ታሪኩ የተጻፈው ሰው ግን ደኅንነቱን ሊያጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚተማመኑባቸው የመልእክት መተግበሪያዎች ገደብ አላቸው። በቴሌግራም የሚደረግ ተራ ውይይት ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሠጠረ አይደለም፤ ያንን የሚያገኘው ‘ምሥጢራዊ ውይይት’ የተባለውን የመረጠ ብቻ ነው። የዋትስአፕ መልእክቶች የተመሠጠሩ ቢሆኑም፣ በጉግል ወይም በአፕል ማከማቻ የሚቀመጠው መጠባበቂያ ቅጂ እንዲመሠጠር ባለቤቱ ራሱ ማዘዝ ይኖርበታል።

የማስታወሻ መተግበሪያዎችም እንዲሁ ይለያያሉ። ‘ስታንዳርድ ኖትስ’ ማስታወሻዎችን ከመነሻው አመሥጥሮ ይልካል። በ‘ጆፕሊን’ ይህ የሚገኘው ተጠቃሚው ሲያዝዝ ነው፤ ያም ቢሆን የሚጠብቀው ወደ ሌላ መሣሪያ ሲላክ እንጂ የተከፈተ ስልክ ላይ ያለውን አይደለም። ስለዚህ ጠንካራ የስልክ መቆለፊያ ከሁሉም ይቀድማል። ይሁን እንጂ ባለቤቱ በኬላ ላይ ስልኩን እንዲከፍት ቢገደድ የትኛውም ምሥጠራ አያድንም። በዚያን ጊዜ የሚያድነው ቀድሞ ያልተጻፈው ነው።

ቀላሉ ጥንቃቄ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቁጥር መስጠት ነው። በሠንጠረዡ ላይ “014፣ ትርጉም፣ 3 ገጽ” ተብሎ ይጻፋል፤ 014 ማን እንደሆነ የሚገልጸው ዝርዝር ከስልኩ ውጪ፣ በሌላ ቦታ ይቀመጣል። በኢትዮጵያ ውስጥ የሰዎችን መረጃ የሚይዙ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን ሊዘነጉ አይገባም።

ፊደል፣ ቀንና ሰዓት

የደንበኛ ቁጥር ሌላም ጥቅም አለው። በአማርኛ የተጻፈን ስም መፈለግ ለብዙ መተግበሪያዎች አስቸጋሪ ነው። “ኃይሉ” ተብሎ የተመዘገበ ደንበኛ “ሀይሉ” ወይም “ሐይሉ” ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም፤ ለኮምፒውተሩ ሦስቱም የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የዐረብኛ ስም ሲጨመር ደግሞ መሐመድ፣ ሙሐመድና ሞሐመድ ሦስት ሰዎች ይሆናሉ። 014 ግን ሁልጊዜ 014 ነው።

ቀኑም እንዲሁ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ በኢትዮጵያ፣ በአውሮፓውያንና በሂጅራ አቆጣጠር ቀጠሮ የሚሰጡ ደንበኞች ይመጣሉ። አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ጳጉሜን አያውቋትም። ስለዚህ ለመደርደሪያነት አንድ ዓምድ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ይያዝ፤ ደንበኛው የተናገረው ቀን እንደተናገረው በሌላ ዓምድ ይጻፍ።

ሰዓት ደግሞ የበለጠ ያሳስታል። ሱዳን ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ወዲህ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። በገላባት 10:00 ሲል፣ ጥቂት እርምጃ ተሻግሮ መተማ ላይ 11:00 ነው፤ የመተማ ሰው ግን “ከጠዋቱ አምስት ሰዓት” ይለዋል። እንደ ‘ክሎኪፋይ’ እና ‘ቶግል’ ያሉ የሥራ ሰዓት መቁጠሪያዎችን ይዞ ድንበር የሚሻገር ሰው ከመነሻና ከማብቂያ ሰዓት ይልቅ ሥራው የወሰደውን ጊዜ ቢመዘግብ ከጭቅጭቅ ይድናል።

ገንዘቡ

“5,000” ብሎ መጻፍ በዚህ ድንበር ምንም አይናገርም። የሱዳን ፓውንድ ከጦርነቱ ወዲህ አብዛኛውን ዋጋውን አጥቷል። ብርም ሐምሌ 22/2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል።

በመሆኑም የክፍያ መዝገብ ቢያንስ አምስት ነገሮችን ይፈልጋል፦ የተስማሙበትን መጠን፣ የገንዘቡን ዓይነት፣ የስምምነቱን ቀን፣ የተከፈለውን ቀብድና ቀሪው የሚከፈልበትን ቀን። ከሦስት ወር በኋላ የሚከፈል ከሆነ የዕለቱ ምንዛሪ አብሮ ይጻፍ። የደረሰኝ ማዘጋጃ ያላቸው ውድ መተግበሪያዎች ይህን ቢያደርጉም፣ ስምንት ዓምድ ያለው ተራ ሠንጠረዥም ያደርገዋል።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ?

ጥቂት ደንበኞች ላሉት ሰው አንድ ሠንጠረዥና አንድ የወረቀት ደብተር ይበቃሉ። ደንበኞቹ ሲበዙ፣ ተመላልሰው ሲመጡና የቀድሞ ማስታወሻ ማገላበጥ ሲያስፈልግ ስልክ ላይ የሚቀመጥ የማስታወሻ መተግበሪያ ይጨመር። እንደ ‘ትሬሎ’ ያሉ የሥራ ሰሌዳዎች የሚጠቅሙት በተለይ ሥራውን ከሌሎች ጋር ለሚከፋፈሉ ነው። ብቻውን ለሚሠራ ሰው አምስት መተግበሪያ ማለት አምስት የሚረሳ የይለፍ ቃል ነው።

ከመወሰንዎ በፊት የአንድ ቀን ፈተና ያድርጉ። የስልክዎን ዳታ ያጥፉ። አንድ ሥራ ከነክፍያው ይመዝግቡ። የአንድ ደንበኛን መዝገብ በአማርኛ ፈልገው ያግኙ። ማታ መዝገቡን በፋይል አውጥተው በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ይክፈቱት። ከእነዚህ አንዱ ካልተሳካ መተግበሪያው ምንም ያህል ቢያምር ለዚህ ድንበር አልተሠራም።

ፈተናውን ካለፈም በሳምንት አንድ ቀን የመጠባበቂያ ቅጂ መያዝ፣ ያንንም ቅጂ ከስልኩ ጋር በአንድ ቦርሳ አለማኖር ያስፈልጋል። መንገድ ላይ ቦርሳው ቢጠፋ ደንበኛው በማያውቃቸው እጆች ላይ እንዳይወድቅ፣ ሠራተኛውም ያልተከፈለውን ላቡን የሚጠይቅበት መዝገብ እንዳያጣ የሚያደርገው ይህ ልማድ ነው።