ለሕክምና አንድ ካዝና፦ የጣና ዳር ነጋዴ ያላሰበበት ኢንሹራንስ

ሩዝ ከፎገራ፣ ዓሣ ከጣና፣ ቡና ከዘጌ እያሰባሰበ የሚነግድ የባሕር ዳር ነጋዴ የጭነት መኪናውን ኢንሹራንስ ያስገባል፤ ሕጉ ያስገድደዋል። መጋዘኑን ለቃጠሎ ያስገባል፤ ብድር የሰጠው ባንክ ያስገድደዋል። ራሱንና ቤተሰቡን ለሕመም እንዲያስገባ ግን የሚያስገድደው የለምና ብዙውን ጊዜ አያስገባም። የቤቱ የጤና ኢንሹራንስ መደብሩ ውስጥ የተደረደረው ዕቃ ነው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ታሞ ቢተኛ በመጀመሪያ የሚነካው ለሸቀጥ መግዣ የተቀመጠው ገንዘብ ይሆናል። እሱ ካልበቃ የዕቁብ ዕጣ ይለመናል፤ ከዚያ ዘመድ፣ በመጨረሻም አራጣ አበዳሪ ይጠየቃል። ዕድር ቢኖርም የአብዛኛው ዕድር ገንዘብ የሚወጣው ለቀብር እንጂ ለሕክምና አይደለም።

ይህ የአንድ ቤት ገመና ብቻ አይደለም። በአገር አቀፍ የጤና ወጪ ሒሳብ መሠረት በኢትዮጵያ ለጤና ከሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ሲሶ የሚጠጋው በሕመም ሰዓት በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ የሚከፈል ነው። ነጋዴው ሕክምና የከፈለበት ብር ከገበያ የወጣ የሥራ ማስኬጃ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ከጤና ቢሮ በር አልፎ ወደ ገበያ ይገባል። ጥያቄውም ግልጽ ነው፦ ሰው ለሕክምና የሚያዋጣውን ገንዘብ ስንት ካዝና ይያዘው?

ከደቡብ አቸፈርና ከፎገራ የተጀመረው ሙከራ

ኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ የጀመረችው ከጣና ብዙም ሳትርቅ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በተመረጡ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል የተመረጡት ሦስት ወረዳዎች ነበሩ፤ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያለችው ፎገራ፣ ከባሕር ዳር ደቡብ ምዕራብ ያለችው ደቡብ አቸፈር እና የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ።

አሠራሩ ዕድርን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ ደብተር ይይዛል፤ ሲታመም ውል በተገባበት ጤና ተቋም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይታከማል። ውጭ አገር ሄዶ መታከም፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውበት ቀዶ ሕክምና አይጨመሩም። መክፈል የማይችሉ ድሆችን መዋጮ ክልሉና ወረዳው ይሸፍናሉ። በሙከራው ጊዜ የፌዴራሉ መንግሥት ከመዋጮው 25 በመቶ የሚሆን ድጎማ ጨምሮበታል።

ውጤቱ ብዙዎች ከጠበቁት የተሻለ ነበር። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መግባት ከሚችለው ቤተሰብ ግማሽ የሚጠጋው ተመዘገበ። የሙከራ ወረዳዎቹን ቤተሰቦች ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አባል የሆኑት ገንዘብ የመበደር ዕድላቸው 5 የመቶኛ ነጥብ ያህል ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። ለገበያ ሰው ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል፤ ብድር ያልገባ ገበሬ በሬውን በሐምሌ በርካሽ አይሸጥም፤ ሩዙንም ገና በማሳ ላይ እያለ ለደላላ አያስይዝም። ከ13 ወረዳዎች የተነሣው ሥራ በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ800 በላይ ወረዳዎችን አዳርሷል።

የትናንሽ ካዝና ሕመም

ይሁን እንጂ አሠራሩ ሲወለድ ጀምሮ አንድ ጉድለት ይዞ መጥቷል። ካዝናው የተቋቋመው በወረዳ ደረጃ ነው። እያንዳንዱ ወረዳ መዋጮውን ለብቻው ይሰበስባል፣ ውሉን ለብቻው ይዋዋላል፣ ኪሳራውንም ለብቻው ይሸከማል።

የጣና ዳርቻ ታሪክ የዚህን አደገኛነት ያሳያል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ የካላዛር ወረርሽኝ ተከሠተ። በዚያ ደጋማ አካባቢ ያልተለመደ በሽታ ስለነበር መጀመሪያ ላይ ወባ መስሎ ነበር፤ በሽተኞችን በአዲስ ዘመን ከተማ በነፃ ያከመው ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ነው። በማግሥቱ፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ሜዳ አጥለቀለቁ። ሕመምና የምርት መጥፋት በአንድ አካባቢ ተከታትለው መጡ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የወረዳ የጤና መድን ካዝና ቢኖር ኖሮ ወጪው ሲንር መዋጮው ደግሞ ሲመናመን ሊያይ ይችል ነበር።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። 20 ሺህ አባወራ ያለው አንድ ወረዳ እያንዳንዱ 1 ሺህ ብር ቢያዋጣ 20 ሚሊዮን ብር ይሰበስባል እንበል። ደግ ዓመት ሲሆን ወጪው 15 ሚሊዮን፣ ክፉ ዓመት ሲሆን 30 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። አሥር ወረዳዎች ጎን ለጎን ቢኖሩና ክፉው ዓመት ሁለቱን ብቻ ቢመታ ሁለቱ ወረዳዎች በጠቅላላው 20 ሚሊዮን ብር ይጎድላቸዋል፤ የስምንቱ ካዝና ግን 40 ሚሊዮን ብር ተርፎት ይቀመጣል። ካዝናው አንድ ቢሆን ኖሮ ከ200 ሚሊዮን ብር ላይ 180 ሚሊዮን ወጥቶ 20 ሚሊዮን ብር በተረፈ፤ ማንም ወረዳ ለሆስፒታል ባለ ዕዳ ባልሆነ ነበር። መዋጮው አልጨመረም፤ የተለወጠው የካዝናው ብዛት ብቻ ነው።

ሌላው ችግር በሆስፒታሉ በኩል ይታያል። ከዳርቻው ወረዳዎች ሪፈር የተባለ በሽተኛ ወደ ባሕር ዳር ይመጣል፤ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይገባል። ከሰሜን አቸፈር፣ ከደራ፣ ከፎገራ፣ ከባሕር ዳር ዙሪያ የመጣ እያንዳንዱ በሽተኛ ሒሳቡ የሚጠየቀው ከተለያየ ካዝና ነው። ከብዙ ደንበኛ በዱቤ የሚሸጥ ጅምላ አከፋፋይ ይህን ጣጣ ያውቀዋል፤ ዕቃው ከመደብር የሚወጣው በአንድ ቀን፣ ገንዘቡ የሚገባው ግን በብዙ ቀጠሮ ነው።

በፈቃደኝነት መመዝገብም የራሱ ጠንቅ አለው። ጤነኛው «ቆይ ለከርሞ» ሲል በሽተኛው ቀድሞ ይመዘገባል። መኪናው ከተጋጨ በኋላ ፖሊሲ እንዲገዛ የሚፈቅድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ስንት ዓመት ይቆማል?

ደመወዝተኛውስ? በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የታወጀው የማኅበራዊ ጤና መድን ከሠራተኛው ደመወዝ 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ እንዲሰበሰብ ታስቦ ነበር። ሠራተኛው በቅናሹ ስላጉረመረመ የሚጀመርበት ጊዜ በተደጋጋሚ ተራዘመ። በዚህ ምክንያት መደበኛ ገቢ ያለው፣ በየወሩ ሊያዋጣ የሚችለውና ካዝናውን ሊያጠነክር የሚገባው ክፍል ለዓመታት ከካዝናው ውጭ ቆየ።

ሀብታሟ አገር ምን አተረፈች?

ካዝናን መከፋፈል የድሃ አገር ችግር ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ አሜሪካ ይመልከት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ከአገራዊ ምርቷ 17.6 በመቶውን ለጤና አውጥታለች፤ በዚያው ዓመት ግን 26 ሚሊዮን ያህል ሕዝቧ የጤና ኢንሹራንስ አልነበረውም። አንድ ሆስፒታል ከብዙ ኩባንያዎች ጋር በየራሱ ዋጋ ይዋዋላል፤ ለዚህም የሒሳብ ሠራተኞች ሠራዊት ያቆማል። እዚያ አንድ ከፋይ ይኑር የሚሉ ወገኖች አዲስ ነገር አልፈጠሩም። እ.ኤ.አ. በ1965 ለአረጋውያን የተቋቋመው ሜዲኬር ለሁሉም ዜጋ ይዳረስ ነው የሚሉት።

ይህን ያደረጉ አገሮች አሉ። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራተኞችን፣ የመንግሥት ሠራተኞችንና የገበሬዎችን የተለያዩ መድኖች አንድ አደረገች፤ ከዚያ በፊት ከመቶ 40 ያህሉ ሕዝቧ መድን አልነበረውም። በካናዳዋ ሳስካችዋን ክፍለ ሀገር አሠራሩ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1962 ሲጀመር ሐኪሞች 23 ቀን ሥራ አቁመው ነበር፤ ዛሬ ካናዳ ከአገራዊ ምርቷ ከ11 እስከ 12 በመቶ እያወጣች ሕዝቧን በሙሉ ትሸፍናለች። ከእኛ ጋር በይበልጥ የምትቀራረበው ሩዋንዳ ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ ከማኅበረሰብ መድን ተነሥታ እ.ኤ.አ. በ2015 የገንዘቡን አያያዝ ወደ ብሔራዊ የማኅበራዊ ዋስትና ቦርድ አዛወረች።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከፋዩ አንድ ሆነ ማለት ሐኪሙ ሁሉ የመንግሥት ተቀጣሪ ሆነ ማለት አይደለም። የካናዳ ሐኪሞች አብዛኞቹ በግላቸው የሚሠሩ ናቸው፤ የሚልኩት ሒሳብ ግን ወደ አንድ ቦታ ነው። በባሕር ዳር ክሊኒክ ወይም መድኃኒት ቤት የከፈተ ባለ ሀብት የዛሬ ደንበኛው በእጁ ጥሬ ገንዘብ የያዘ በሽተኛ ብቻ ነው። ብቃቱን አሳይቶ ከአንድ ትልቅ ካዝና ጋር ቢዋዋል ግን ደብተር የያዘ ሁሉ ደንበኛው ይሆናል።

«መንግሥት ይይዘዋል» የሚለው ሥጋት

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። አንድ ካዝና አንድ ቁልፍ ማለት ነው፤ ቁልፉን የያዘው ቢያጠፋ ጥፋቱ የሁሉም ነው። ካዝናው ለሆስፒታል በጊዜ ካልከፈለ ሆስፒታሉ መድኃኒት አይገዛም፤ ደብተር የያዘው ሰው «ከውጭ ግዛ» ይባላል፤ በዓመቱ ደብተሩን አያድስም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ማለፉ ከውጭ የሚገባውን መድኃኒት አስወድዷል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም መዋጮ መሰብሰብንና መድኃኒት ማጓጓዝን ከባድ አድርጓል።

እነዚህ ሥጋቶች እውነት ናቸው። ነገር ግን ካዝናው ሲከፋፈል አንዳቸውም አይቀሉም። ዶላር ሲወደድ ለብዙ ወረዳ በአንድ ጊዜ የሚገዛ ሰው ከችርቻሮ ገዢ ይልቅ ዋጋ የመከራከር አቅም አለው። ግጭት አንዱን ወረዳ ቢዘጋ መዋጮው ያልተቋረጠበት ሌላው ወረዳ ሊደግፈው ይችላል። ስለ ቁልፉ ደግሞ መፍትሔው ከባንክ ሥራ የታወቀ ነው፤ ገንዘቡ ከመንግሥት በጀት የተለየ ሒሳብ ይኑረው፣ በውጭ ኦዲተር ይመርመር፣ ሒሳቡ በየዓመቱ በጋዜጣ ይውጣ፣ ለሆስፒታልና ለመድኃኒት ቤት የሚከፈልበት ቀን በውል ተቆርጦ ያዘገየ ቅጣት ይክፈል። መዋጮውም እንደ ገቢ ደረጃ ይሁን፤ የጅምላ ነጋዴና ጉልት ቸርቻሪ እኩል ይክፈሉ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ነጋዴው አዲስ መዋጮ ሲባል አዲስ ግብር መስሎት ቢሸሽ አይፈረድበትም። ነገር ግን ዛሬም እየከፈለ ነው፤ የሚከፍለው ግን በሕመም ቀን፣ በአንድ ጊዜ፣ ከሸቀጥ መግዣው ላይ ነው። የፎገራ ገበሬ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የመድን ደብተር መያዝ ችሏል። ሩዙን ከእሱ ገዝቶ ወረታ የሚያስፈትገው፣ ባሕር ዳር የሚያከፋፍለውና አዲስ አበባ የሚጭነው ነጋዴ ግን ከገበሬው የበለጠ ካፒታል ይዞ በአንድ ሕመም ከገበያ ሊወጣ ይችላል።