ዓሣ አይጮኽም

በላንቻ ጋራዥ ሥራ የሚለምድ ወጣት አስቀድሞ የሚማረው ማዳመጥን ነው፤ ሞተር ሲበላሽ በድምፁ ይታወቃልና። የተራበች ላም ትጮኻለች፤ የታመመ ሕፃን ያለቅሳል። አብዛኛው ዓሣ ግን በጨነቀው ጊዜ ለሰው ጆሮ የሚደርስ ጩኸት የለውም። ስለዚህ ዓሣ መንከባከብን የሚለምድ ተማሪ የጆሮን ሥራ በዓይኑ ይሠራል፤ ወደ ውኃው ገጽ ወጥቶ አፉን የሚከፍተውን፣ ከባልንጀሮቹ የተለየውን፣ መብል የተወውን ይመለከታል።

የውኃ እንስሳት ለሕዝብ የሚታዩበት፣ አኳሪየም የሚባለው ቤት እ.ኤ.አ. በ1853 በለንደን የአራዊት መጠበቂያ ተከፈተ። ዛሬ በልዩ ልዩ አገር ተማሪዎች እንዲህ ባለው ቤት ሥራ ይለምዳሉ። መጀመሪያ የሚሰጣቸውም መብል መመተርና መመዘን፣ የውኃውን ሙቀት መለካት፣ ገንዳ ማጠብ ነው። «ልጄን ያስተማርሁት ገንዳ እንዲያጥብ ነውን?» የሚል ወላጅ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ትምህርቱ ያለው በዚያው በእጥበቱ ውስጥ ነው። ከዓሣ አካል የሚወጣው አሞኒያ ለዓሣው ለራሱ መርዝ ነው፤ ይህንንም በማጣሪያው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ደረጃ በደረጃ ጉዳቱ ወደ ቀለለ ነገር ይለውጡታል። ንጽሕናን ወድዶ ማጣሪያውን በቧንቧ ውኃ የሚያጥብ ተማሪ ግን ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድልበታል፤ ውኃው ለዓይን ጠርቶ ሳለ መርዝ ይሞላል። ራርቶ መብል የሚያበዛውም እንደዚሁ ነው፤ ትራፊው በስብሶ ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክሲጅን ይጨርስበታል። እንግዲህ ትጋትም ርኅራኄም ያለ ዕውቀት ሲሆኑ ይገድላሉ።

ይህን ትምህርት ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሰበታ፣ ብሔራዊው የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የዓሣ ጫጩት ያራባል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በኩሬዎቹ ጥናት ሠርተዋል። ቆሮሶን የሚያውቅ ጠባቂ እናቲቱ መብል ስትተው ወዲያው ታመመች አይልም፤ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ በምትጠብቅበት ጊዜ አትበላም ማለት ይቻላልና።

ነገሩ የገንዳ ብቻ አይደለም። በጣና ሐይቅ በዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ያህል የባርበስ ዓሣ ዓይነቶች አሉ። ከፊሎቹ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ሲወጡ በወንዞቹ አፍ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ ቁጥራቸውም እጅግ ቀንሷል። በፊሊፒንስ፣ በላናዎ ሐይቅ ብቻ ይገኙ ከነበሩት 17 ዓይነቶች 15ቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ጠፍተዋል ተብለው ተመዝግበዋል። የጣናዎቹን ከዚህ ዕጣ የሚያድን ሰው አስቀድሞ ዝም ያለውን ፍጥረት መመልከት የለመደ መሆን አለበት።

ስለዚህ፣ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ የዓሣ ገንዳ ለማጠብ ልሂድ ቢላችሁ አትፈሩበት፤ አትፈሩም ብቻ ሳይሆን አትፈሩለት። የማይጮኸውን መጠበቅ የለመደ ልጅ፣ በቤቱም ችግሩን አውጥቶ የማይናገረውን አረጋዊና ሕፃን ለማስተዋል ዓይን ያገኛል።