«ብቸኛ ቁጥር»፦ አካፋይ የሌለውና አካፋይ ያልተገኘለት

በሒሳብ ትምህርት «ብቸኛ ቁጥር» የሚባለው ሙያዊ ቃል ብዙውን ጊዜ «በ1ና በራሱ ብቻ የሚካፈል ቁጥር» ተብሎ ይፈታል። ፍችው አጭርና ለተማሪ የሚቀል ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮችን ሳይለይ ያልፋል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

አንደኛው የ1 ጉዳይ ነው። ከ1 የሚበልጥ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ወይ ራሱ ብቸኛ ነው፣ ወይም በአንድ መንገድ ብቻ ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ይተነተናል፤ ለምሳሌ 12 = 2 × 2 × 3 ነው። 1 ከብቸኞቹ ቢቈጠር ግን 1 × 2 × 2 × 3፣ 1 × 1 × 2 × 2 × 3 እየተባለ ትንተናው ማለቂያ ያጣል። ስለዚህ «ከ1 የሚበልጥ» የሚለው ሐረግ በፍችው ውስጥ ሊገባ ይገባዋል።

ሁለተኛው «አካፋይ የሌለው» እና «አካፋይ ያልተገኘለት» በሚሉት አነጋገሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። በትንንሽ ቁጥሮች ይህ ልዩነት አይታይም፤ 31 ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ በ2፣ በ3ና በ5 መሞከር ይበቃል። ነገር ግን 127 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ የሚገኘውን፣ 39 አሃዝ ያለውን ቁጥር እንመልከት። በዚህ ዐይነት ሙከራ እስከ 20 አሃዝ ያላቸውን አካፋዮች መፈተን ግድ ይሆናል፤ ይህም በሰው እጅ የሚፈጸም ሥራ አይደለም። ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካስ ግን በ1876 ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑን በሌላ ስልት አረጋገጠ። ቁጥሩም እስከ 1951 ድረስ ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቈየ።

አሜሪካዊው ሌመር በ1930ዎቹ ዓመታት ያቃናው ይህ ስልት የሚሠራው የሁለቶቹ ብዛት ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ሲሆን ነው። አሠራሩን በ31 ማሳየት ይቻላል፤ 31 ከአምስት ሁለቶች ብዜት 1 ተቀንሶ የሚገኝ ነውና። ከ4 ይጀመራል፤ በየእርምጃው ቁጥሩ በራሱ ተባዝቶ 2 ይቀነስለታል፤ ውጤቱ በ31 ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ይያዛል። 4፣ 14ን ይሰጣል፤ 14፣ 194ን ይሰጣል፣ ቀሪውም 8 ነው፤ 8፣ 62ን ይሰጣል፣ ቀሪውም 0 ነው። የእርምጃዎቹ ብዛት ከሁለቶቹ ብዛት በ2 ያንሳል። በመጨረሻው እርምጃ ቀሪው 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልሆነ አይደለም።

የዚህ ተቃራኒም ታይቷል። ማሪን ሜርሴን በ1644 ባሳተመው ዝርዝር ከ67 ሁለቶች ብዜት 1 ተቀንሶ የሚገኘውን ቁጥር ከብቸኞቹ መድቦት ነበር። ሉካስ በ1876 ብቸኛ አለመሆኑን አስረዳ፤ አካፋዮቹን ግን አላሳየም። እነርሱን፣ ማለትም 193,707,721ንና 761,838,257,287ን፣ ያሳየው በ1903 ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው። እንግዲህ ለ27 ዓመታት አካፋይ እንዳለው ታውቆ አካፋዩ ያልታወቀ ቁጥር ነበር ማለት ነው። በ2024 የተገኘው፣ ከ136,279,841 ሁለቶች ብዜት 1 ተቀንሶ የሚገኘውና 41,024,320 አሃዝ ያለው ቁጥርም ብቸኛነቱ የተረጋገጠው በሉካስና በሌመር ፈተና ነው።

በመሆኑም ፍችው በቁጥሩ ጠባይ ላይ እንጂ በፈላጊው ድካም ላይ እንዳይመሠረት፣ ቃሉ በመዝገበ ቃላት እንደሚከተለው ቢሰፍር የተሻለ ይሆናል፦

ብቸኛ ቁጥር፦ ከ1 የሚበልጥና ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ሙሉ ቁጥር።