የሱሉልታ ሜዳና የእድሳቱ ነገር

በአዲሱ ገበያ በኩል የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ ቁልቁለቱን የሚወርድ መንገደኛ፣ ባሕር ዛፉ እየሳሳ ሲሄድ ሰፊ የሣር ሜዳ ይቀበለዋል። የጎጃም መንገድ ሜዳውን ሰንጥቆ ወደ ጫንጮና ወደ ፍቼ ያልፋል። በማለዳ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሯጮች በአንድ መስመር ተከታትለው፣ የኋለኛው የፊተኛውን ዱካ እየረገጠ፣ በከብቶች መካከል ሲያልፉ ይታያሉ። የመግቢያ ክፍያ የለም፤ የአባልነት መታወቂያ የሚጠይቅ ዘበኛም የለም። በዓለም መድረክ ሜዳሊያ ያጠለቀውም፣ በቅርቡ ከአርሲ ወይም ከጎጃም መጥቶ አንዲት ክፍል የተከራየውም ወጣት የሚሮጡት በአንድ ሣር ላይ ነው።

ይህ ሜዳ በአገራችን ስፖርት ውስጥ ትልቅ ድርሻ ይዞ ሳለ ስለ ራሱ ስለ ሜዳው የሚጻፈው ጥቂት ነው። ስለ ሯጮቹ እናውቃለን፤ ስለሚረግጡት አፈር፣ ስለ ሣሩና ስለ ውሃው ግን እምብዛም አንጠይቅም። ዛሬ ሜዳው በአጥር፣ በግንባታና በጎርፍ እየተጎዳ ስለሆነ መታደስ አለበት። መታደስ ሲባል ግን አፈሩና ውሃው ይጠገን፣ በሩ እንደ ክፍትነቱ ይቆይ ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው።

ሜዳውን የሠራው ውሃ

የእንጦጦ ጋራ ጫፍ ሁለት ተፋሰሶችን የሚለይ ድንበር ነው። በደቡብ በኩል የሚወርደው ዝናብ በአዲስ አበባ ወንዞች አድርጎ አዋሽ ይገባል። በሰሜን በኩል የሚወርደው ደግሞ ሱሉልታ ላይ ተንጣሎ ይቆይና በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታው 2,700 ሜትር ያህል ይደርሳል። የረባዳው አፈር በብዛት ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ ውሃ ሲጠግብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ክረምቱ ከጠና በኋላ ዝናቡ ወደ ታች መስረጉን ትቶ ላይ ላዩን ይተኛል።

ይህ የተኛ ውሃ ለአራሽ ፈተና፣ ለሣር ግን ሲሳይ ነው። ሰርዶውና ማጌቱ ሳይታረሱ የኖሩት መሬቱ ለእህል ስላልተመቸ ነው። መስከረም ላይ ሜዳው በአደይ አበባ ይደምቃል። ከጥቅምት ጀምሮ ሣሩ ታጭዶ ይከመራል፤ ድርቆሹም በመኪና እየተጫነ ለአዲስ አበባና ለዙሪያው ወተት አርቢዎች ይሸጣል። ጠዋት ከተማው ውስጥ የሚጠጣው ወተት የዚህ ሣር ዕዳ አለበት።

ረግረጉ ሌሎች ነዋሪዎችም አሉት። የሱሉልታ ሜዳ ለወፎች ጠቃሚ ተብለው በዓለም አቀፍ ደረጃ ከተመዘገቡ የኢትዮጵያ ሥፍራዎች አንዱ ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይታይበታል። ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት፣ በረጅም ሣር ውስጥ ተደብቃ የምትኖር፣ በዓለም እጅግ ከተመናመኑት አንዷ የሆነች ትንሽ የረግረግ ወፍም እዚሁ ተመዝግባለች።

ሯጩ ሣሩን ለምን ይፈልገዋል?

በሱሉልታ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ከሩብ በላይ ያንሳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ ቀይ የደም ሴሎችን ያበዛል። በየአገሩ ያሉ አትሌቶች ከፍታ ፍለጋ የሚጓዙትም ለዚህ ነው፤ እንግሊዛዊው ሞ ፋራህን የመሰሉ ዝነኞች ሱሉልታ ድረስ መጥተው ሠርተዋል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በባለቤትነት የተሳተፈበት የአትሌቶች ማዕከል፣ ያያ ቪሌጅ፣ እዚህ ነው። ቀነኒሳ በቀለም የመሮጫ ትራክ ያሠራው በዚሁ ሱሉልታ ነው።

ከፍታው ግን ብቻውን ሯጭ አያወጣም። የረጅም ርቀት ሯጭ በሳምንት ብዙ ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ እያንዳንዱ እርምጃም ጉልበትን፣ ቁርጭምጭሚትንና ጅማትን ይመታል። የእኛ አሠልጣኞች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ መሬቱን ማፈራረቅ ነው። አንድ ቀን የእንጦጦ ጫካ፣ ሌላ ቀን የሰንዳፋ ወይም የሰበታ ኮሮኮንች፣ ሌላ ቀን አስፋልት፣ ሌላ ቀን ትራክ ይሆናል። ሣር የሚመጣው እግር እንዲያርፍ ወይም እንዲጠነክር ሲፈለግ ነው። ለስላሳነቱ ምቱን ያበርዳል፤ ወጣ ገባነቱ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ሚዛን መጠበቅ እንዲማር ያስገድዳል።

ኢትዮጵያ ስሟን ከተከለችባቸው ውድድሮች አንዱ አገር አቋራጭ መሆኑም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ቀነኒሳ እ.አ.አ. ከ2002 እስከ 2006 ለአምስት ተከታታይ ዓመታት የዓለም አገር አቋራጭን አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸንፏል፤ በ2008 ደግሞ ረጅሙን ደግሞታል። ይህ ሣርና ጭቃ ላይ የሚገኝ ድል ነው። ጃንሜዳ ለውድድሩ የታወቀ ቢሆንም የየዕለቱ ድካም የሚፈሰው እንደ ሱሉልታ ባሉ ሜዳዎች ላይ ነው።

እዚህ ላይ የገንዘብን ነገር ማንሳት ግድ ነው። ገና ውጤት ያላመጣ ወጣት ሯጭ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ የትራንስፖርትና የጫማ ወጪ አለበት። ለሜዳ ደግሞ ይክፈል ቢባል ከሩጫው የሚወጣው ብዙ ነው። ሜዳው ነጻ መሆኑ ተሰጥኦ ያለውና ገንዘብ የሌለው ልጅ ቆይቶ እስኪታይ ድረስ ጊዜ ይገዛለታል። ለዚህ ነው ነጻነቱን የሜዳው ትልቁ ሀብት የምለው።

አገሬው የሜዳን እኩልነት ከድሮም ያውቀዋል። ታኅሣሥ ሲጋመስ ገና የሚጫወቱ ጎበዞች ቆልማማ ዱላቸውንና ሩራቸውን ይዘው የሚወጡት ወደ እንዲህ ያለ ክፍት ሣር ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለውም ሜዳው ላይ ጌታና ሎሌ እኩል ስለሚሆኑ ነው።

ጠባቂ ያለውና ጠባቂ የሌለው

አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች ሦስቱን ብናይ የሱሉልታ ችግር ግልጽ ይሆናል። ሰበታ ከወጨጫ ተራራ ሥር ናት፤ በዚያው ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ጫካ አለ። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉትና እንዳስጠበቁት ይነገራል። ጫካው ዛሬም አለ። ቡራዩ አጠገብ ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚያቀርቡት ቀደምት ግድቦች አንዱ የሆነው ገፈርሳ አለ። እሱም ቢሆን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤትና የታወቀ ሥራ ስላለው ቆይቷል።

የሱሉልታ ሜዳ እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም። ጫካ ስላልሆነ የደን ጥበቃ አይደርስለትም፤ ግድብ ስላልሆነ የውሃ መሥሪያ ቤት አይቆጣጠረውም፤ ስታዲየም ስላልሆነ በስፖርት መዝገብ ላይ የለም። ስለዚህ ብዙ ሥራ እየሠራ ባዶ መሬት ይመስላል። ፋብሪካዎች፣ ከእነሱም መካከል ከከርሰ ምድር ውሃ ቀድተው የሚያሽጉ፣ መጋዘኖችና መኖሪያ ቤቶች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። በ2015 ዓ.ም. ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ከሌሎች የዙሪያው ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ በሚል አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ከተማ ማደጉ የማይቀር ነው፤ ሕዝቡም ቤትና ሥራ ይፈልጋል። ጥያቄው የሚያድገው ከተማ ሜዳውን በካርታው ላይ በስሙ ይጽፈዋል ወይ የሚለው ነው።

ከጎልፍ ሜዳ የሚገኝ ትምህርት

እንዲህ ያለ አሮጌ የሣር ሜዳ እንዴት ይታደሳል ብለን ስንጠይቅ፣ ከማንም በላይ የተጨነቁበት የጎልፍ ሰዎች ናቸው። በእኛ አገር ጎልፍ የሚታወቀው በጥቂቱ ነው፤ አዲስ አበባ በሚገኘው የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ ሜዳ አለ። ስለዚህ ጎልፍ ሲባል የታጠረ የባለጸጎች ግቢ ይታየናል። በዓለም እጅግ የተከበረው የጎልፍ ሜዳ ግን የሕዝብ ነው።

ይህ ስኮትላንድ ውስጥ ያለው የሴንት አንድሩስ አሮጌ ሜዳ ነው። እ.አ.አ. በ1552 የወጣ ሰነድ የከተማው ነዋሪ በባሕር ዳሩ ሣር ላይ ጎልፍና ሌሎች ጨዋታዎችን የመጫወት መብት እንዳለው አጽድቋል። በ1797 በዕዳ የተያዘው ከተማ መሬቱን አሳልፎ ሰጠና ጥንቸል አርቢዎች ገቡበት። ጥንቸሎቹ ሜዳውን ቆፋፈሩት፤ ነዋሪውና ነጋዴዎቹም ለዓመታት በፍርድ ቤት ተካሰሱ። በመጨረሻ ሜዳው ዳነ፤ ከ1974 ጀምሮ ደግሞ በፓርላማ አዋጅ በተቋቋመ የአደራ ተቋም ይተዳደራል። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ብዙ ይከፍላል፣ ነዋሪው ግን በዝቅተኛ ዋጋ ይጫወታል። ከታላላቅ ውድድሮች በስተቀር እሑድ ጨዋታ የለም፤ ሜዳው ለሁሉም መንሸራሸሪያ ይሆናል።

አሜሪካም ሁለት ጥሩ ምሳሌዎች አሏት። በፍሎሪዳ የዊንተር ፓርክ ከተማ ንብረት የሆነው ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ ሜዳ የተሠራው እ.አ.አ. በ1914 ነው። በ2016 ራይሊ ጆንስና ኪት ሬብ የተባሉ ባለሙያዎች የሣሩን ወለል እንደ አዲስ ቀረጹት። ሜዳው ተሻሽሎም የከተማው ሰው የሚችለው ዋጋ አልቀረበትም። በፊላደልፊያ ያለው ኮብስ ክሪክ ደግሞ በ1916 ተከፈተ። ጥቁር ተጫዋቾች በሌሎች ሜዳዎች በር ላይ በሚመለሱበት ዘመን ይህ ሜዳ ተቀብሏቸዋል፤ የፕሮፌሽናል ጎልፍን የዘር አጥር የሰበረው ቻርሊ ሲፎርድም ተጫውቶበታል። ሜዳው በመካከሉ የሚያልፈው ወንዝ እየሞላ ሲጎዳው ቆይቶ በ2020 ተዘጋ። እድሳቱ ሲጀመር መጀመሪያ የተነካው ወንዙ ነው፤ ጎርፍ የሚያርፍበት ቦታና ረግረግ ተመለሰለት።

ይህ ቅደም ተከተል በሙያው የታወቀ ነው፤ ከሣር በፊት ውሃ ይቀድማል። ኳሷ የምትገባበት ወለል ሲሠራ እንኳ ባለሙያዎች ከሥር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠጠር፣ ከላዩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ የበዛበት አፈር ያነጥፋሉ። በእግር ብዛት የተጠቀጠቀውን አፈር እየበሱ አየር ያስገባሉ፤ የተጎዳውን ክፍል ዘግተው ያሳርፋሉ። የሚንከባከቡት ሣርም ለእኛ ባዳ አይደለም። በሞቃት አገሮች የጎልፍ ሜዳ የሚለብሰው በአብዛኛው የሰርዶ ዘር ነው። በሎስ አንጀለስ የታወቀው የሪቪዬራ ሜዳ ደግሞ ኪኩዩ በተባለ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሣር የተሸፈነ ነው።

ሱሉልታ እንዴት ይታደስ?

የመጀመሪያው ሥራ ጎርፉን መያዝ ነው። ጣሪያና አስፋልት ሲበዛ ዝናቡ በአንድ ጊዜ ወደ ሜዳው ይወረወራል። የሸዋና የጎጃም ገበሬ ለዚህ ፈሰስ ማውጣት ያውቃል። በሸዋ፣ እነዋሪ በተባለው ቦታ፣ ገበሬዎች መረሬውን በእጃቸው ሰፋፊ መደብ አድርገው ውሃውን በመካከሉ ያሳልፋሉ። ይህን እውቀት ይዞ መሮጫ በሆነው ደረቅ ዳርቻ በኩል ፈሰስ ማውጣት ይቻላል። ረግረጉ ግን ረግረግ ሆኖ መቅረት አለበት፤ እሱን ማድረቅ ጎርፉን ወደ ሰው ቤት መላክ ነው።

ሁለተኛው ሣሩን ማሳረፍ ነው። ሁልጊዜ በአንድ መስመር ከተሮጠ ሣሩ ተነቅሎ አፈሩ ይጠነክራል፤ ስለዚህ መስመሩ በየወቅቱ ይቀያየር። ከብትም በጭቃ ሲረግጠው ይጎዳልና ግጦሹ ተራ ይያዝለት። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ባለው የበርጋ ረግረግ ነዋሪዎች ከላይ ላነሳናት ትንሽ የረግረግ ወፍ መራቢያ ወቅት ሲሉ ከብቶቻቸውን ከረግረጉ ለማራቅ ተስማምተዋል። ሱሉልታ ላይም ከብት ያለው፣ ድርቆሽ አጫጁ፣ አሠልጣኙና ከተማው አንድ ላይ ቢቀመጡ ለተመሳሳይ ስምምነት መነሻ አለ።

ሦስተኛው ወሰንና ሕግ ነው። ሜዳው በከተማው ፕላን ላይ ተለክቶ፣ የግጦሽ፣ የውሃ ማረፊያና የስፖርት የጋራ ሜዳ ተብሎ ይመዝገብ። ጠባቂም ይመደብለት። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ የምትወቀሰው ከራሷ በኋላ የሚመጣውን ስላላሰበች ነው። የዛሬ ውሳኔያችን ገና ያልተወለዱ ሯጮችን ይመለከታል።

ሜዳውን የመቀየር ፈተናም ይመጣል። አጥር፣ ካፌ፣ መብራትና የመግቢያ ትኬት ያለው ዘመናዊ ማዕከል በሥዕል ላይ ያምራል። እንዲህ ያሉ ማዕከሎች በጎን ቢኖሩ ጥሩ ነው፤ ክፍቱን ሣር ሊተኩት ግን አይችሉም። የሱሉልታ እድሳት ተሳካ የሚባለው ውሃው ሲስተካከል፣ ከብቱም ሲግጥበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኪሱ ባዶ የሆነ ልጅ ማንንም ሳይለምን ገብቶ መሮጥ ሲችል ነው።