ኩፍ ያላለ ሊጥ አይደፋም



የረመዳን ወር ሊጠናቀቅ ሲቃረብ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ለሚኖሩ የቲም አሳዳጊ ቤተሰቦች ዘካተል ፊጥር ስናደርስ አንድ ጉዳይ ደጋግሞ ያጋጥመናል። ይህ ዘካ በብዙ ዑለማእ ስሌት በነፍስ ወከፍ ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ የሚደርስ የምግብ እህል ሲሆን፣ በከተማችን ብዙ ሰው የሚሰጠው በስንዴ ዱቄት ነው። በመሆኑም ዓመቱን ሙሉ ዱቄት በኪሎ ስትገዛ የኖረች እናት በሁለት ቀን ውስጥ ግማሽ ኩንታል ቤቷ ሊገባላት ይችላል። ደስታው ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ምጣድ ሊጥ ቢበላሽባት የምታጣው ዱቄቱን ብቻ አይደለም፤ እርሾው፣ ዘይቱ፣ የመብራቱ ሒሳብና የሌሊት እንቅልፏም አብረው ይሄዳሉ። አምባሻ ጋግራ ለሰፈር ሱቅ የምታስረክብ ከሆነች ደግሞ የነገውን ዱቄት መግዣ አጣች ማለት ነው። ስለዚህ ከእናቶች የሰማነውንና ራሳችንም የሞከርነውን እዚህ ለማቅረብ ወደድን።

በብዛት የምንሰማው አቤቱታ የኬክ ነው። ከጅዳ ወይም ከቤሩት የተመለሱ እኅቶች፣ እዚያ አሳምረው ይጋግሩት የነበረው ኬክ እዚህ መጀመሪያ ከፍ ይልና ኋላ መሐሉ እንደሚሰረጉድባቸው ይነግሩናል። ጥፋቱ የእጃቸው አይደለም። ጅዳና ቤሩት የባሕር ዳርቻ ከተሞች ሲሆኑ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ በመሆኑ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ ይበልጥ ይስፋፋል፤ ኬኩም ገና ሳይጠነክር ይነፋና ይወድቃል። ውኃም የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል። መፍትሔው ወጪ የለውም፣ እንዲያውም ቁጠባ አለው፤ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ያህል መቀነስ፣ ከእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ ማጉደል፣ ወተት ወይም ውኃ ደግሞ አንድ ሁለት ማንኪያ መጨመር ነው። አስቀድሞ የወደቀው ኬክ በስስ ተቆርጦ ለብ ባለ ምጣድ ላይ ቢደርቅ ብስኩት ይሆናል። ከኬኩ ይልቅ ብስኩቱን የሚመርጡ ልጆችም አይተናል።

ዳቦ ኩፍ ሳይል ሲቀር አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የሱቁ ደረቅ እርሾ አርጅቷል፣ ወይም የሚያቃጥል ውኃ ገድሎታል። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነውና ጣት የሚችለው ለብ ያለ ውኃ ይበቃዋል። ዱቄቱን ከማቡካት በፊት እርሾውን ጥቂት ስኳር ባለበት ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ 10 ደቂቃ መጠበቅ ይገባል፤ አረፋ ካልሠራ ዱቄቱ ሳይነካ ስህተቱ ታወቀ። ሊጡ አስቀድሞ ከተቦካም አዲስ እርሾ በጥቂት ውኃ አሟምቶ እንደገና ማሸት ይቻላል። በክረምት ግን ሊጡ የሞተ መስሎ በብርድ የዘገየ ሊሆን ስለሚችል፣ እንጀራ ተጋግሮ ካበቃ በኋላ ሙቀቱ ባልጠፋ ምጣድ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። ይህ ሁሉ ካልሠራ ቂጣ አድርጎ መጋገርና በበርበሬና በዘይት መፈርፈር ነው፤ ለቁርስ የሚናቅ ምግብ አይደለም።

አድሮ የኮመጠጠውን የዳቦ ሊጥ መድፋት ደግሞ እውነተኛ ብክነት ነው። አንድ ጭብጥ ያህሉ ለነገው ቡኮ እርሾ ይሆናል፤ የቀረው አዲስ ዱቄትና በውኃ የሟሟ ቁንጥር ሶዳ ሲታከልበት ኮምጣጣነቱ ይለዝባል። መሐሉ ሳይበስል የቀረ ዳቦም ተቆራርጦ ምጣድ ላይ ይመለሳል፤ ያረረው ታችም ከቀዘቀዘ በኋላ ይፋቃል።

የወደቀች ጉርሻ ተነሥታ፣ ቆሻሻዋ ተወግዶ እንድትበላ በሱና መታዘዙ የታወቀ ነው። ሻጋታ ያወጣ ዳቦ ግን ከዚህ ጋር አይምታታብን። ዓይን የሚያየው ላዩን ብቻ ሲሆን ሻጋታው ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ፣ ፍቆ ለሕፃን ማብላት ቁጠባ አይባልም።

ስለ እንጀራ እርሾ ለብቻው መናገር ግድ ይላል። ካዛንቺስ (ስሟ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞች ካሠሯቸው ቤቶች የመጣ ነው) በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለመልሶ ማልማት ስትነሣ ብዙ ነባር ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። እዚያ ያገኘናቸውን የሦስት የቲሞች እናት ከሁሉ የጎደለባቸው ምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው «እርሾ» ሲሉ መለሱልን። በቀድሞው ግቢ እርሾ ሲያልቅባቸው ኩባያ ይዘው ቀጣዩን በር ማንኳኳት ብቻ ነበር። ምጣዱ በመኪና ተጭኖ መጣ፤ ጎረቤቶቹ ግን ተበታትነው ነበር፣ ከአዲሶቹ ማንን እንደሚጠይቁም ገና አልለዩም። ሳምንቱን ልጆቹ ዳቦ እየተገዛላቸው ቆዩ።

እርሾ ግን ከባዶ ይጀመራል። ጥቂት የጤፍ ዱቄት በንጹሕ ውኃ አቡክቶ፣ ከድኖ ሦስት አራት ቀን ማቆየት፣ ላዩ ላይ የሚያቀረውን ውኃ በየቀኑ እየቀዱ መተካት ነው። አረፋ ሲያወጣና ሽታው ሲኮመጥጥ ደርሷል። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይኑ ጥቂት ቢሆን ተስፋ አያስቆርጥም፤ ከሊጡ ላይ አንድ ጭልፋ ወስዶ በውኃ አፍልቶና አብርዶ አብሲቱን መመለስ በእጅጉ ይረዳል። እንጀራው ከምጣዱ አልላቀቅ ካለ ግን ጥፋቱ የሊጡ ላይሆን ይችላል፤ ምጣዱ በጎመን ዘር እንደገና ይሟሽ። ለክፉ ቀን ደግሞ ከደህናው ሊጥ ጥቂቱን በጥላ አድርቆ፣ ፈርፍሮ በደረቅ ቆርቆሮ ማስቀመጥ ያለ ጎረቤትም ያሻግራል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ የመብራት ታሪፍም ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው እየጨመረ ነው። ስለዚህ እንጀራው ካበቃ በኋላ በቀረው ሙቀት ቂጣ መጋገር ወይም ብስኩት ማድረቅ ይቻላል።

ዱቄት ለመለገስ ያሰባችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዱቄቱ ጋር ጥቂት እሽግ ደረቅ እርሾ፣ ጨውና ክዳን ያለው ባልዲ ብትጨምሩ መልካም ነው። ከረጢቱ በእርጥብ ወለል ላይ ሲቀመጥ ዱቄቱ ይሻግታል፣ ይነቅዛልም። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ግማሹን ለዒድ፣ ግማሹን ከዒድ በኋላ ባለው ወር በሰደቃ መልክ ብታደርጉት የእናቲቱ ምጣድ በሸዋልም አይቀዘቅዝም።